ኢየሩሳሌምን በጆሮ መሳለም



ከኢትዮጵያም ሆነ ከአሜሪካ፥ ከአውሮጳም ሆነ ከዓረብ አገሮች ወደ ቅድስት አገር ለሚመጣ ተሳላሚ ጊዜው አጭር ነው። ጠዋት ቤተ ልሔም፥ ቀትር ዮርዳኖስ፥ ወደ ማታ ደብረ ዘይት እያለ በጥቂት ቀናት ሁሉን ለማዳረስ ይጣደፋል። እግሩ ይደክማል፤ ዓይኑ ብዙ ያያል፤ ከንፈሩ የተቀደሰውን ድንጋይ ይስማል። ጆሮው ግን የአስጎብኚውን ቃል ብቻ ሰምቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ውስጥ የግሪኩ፥ የአርመኑ፥ የሶርያው፥ የግብጹ፥ የላቲኑና የእኛ ዜማ በየሰዓቱ የሚሰማበት፥ በዚያም ላይ የመስጊዱ ጥሪና የአይሁድ የሌሊት መዝሙር የሚጨመርበት ከተማ ከዚህ ሌላ አላውቅምና። በልጅነቴ ጋይንት ካለችው ቤተልሔም ድጓ ተምሬ፥ በጐልማሳነቴ ወደዚህችኛዪቱ ቤተ ልሔም አጠገብ ከመጣሁ ወዲህ፥ ከጸሎትና ከተራዳሁበት አገልግሎት የተረፈኝን ጊዜ በአብዛኛው ያዋልሁት በማድመጥ ነው። ከሰማሁት ጥቂቱን እነሆ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ግን የወጣት ዲያቆናቱን ጥያቄ ልመልስ። «አባ፥ ከእኛ ጋር በሃይማኖት ያልተባበረውን ሰው ዜማ ቆሞ ማድመጥ ይገባልን?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሥርዓታችን የሚከለክለው ማኅበረ ጸሎትን፥ ቊርባንን መካፈልን ነው። ጆሮን ግን ማን ሊከለክለው ይችላል? በጎልጎታ ግድግዳው የጋራ ነው፤ የአንዱ ሃሌታ ወደ ሌላው ቅዳሴ ዘልቆ ይገባል። ደግሞም ድጓ ቤት ያደገ ሰው ጆሮው እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ፥ እያንዳንዱ የየራሱን ቊጥር፥ በየራሱ ዜማ ይጮኻል፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው፥ ከበሩ ሥር ያለው ልጅ ይዘቱን ስቶ ሲያልፍ «መልስ!» ይላሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ የተሰጠው ሰው በኢየሩሳሌም ጎዳና ሲያልፍ አልሰማም ቢል ሐሰት ይሆንበታል። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ አድምጡ፥ መዝኑ፥ የራሳችሁንም በይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ማድመጥ የሚጀመረው ከዴር ሡልጣን ነው። ገዳማችን በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ሁላችሁም አይታችኋል። በግቢው መካከል ያለው ጉልላት የዚያ የታችኛው ቤት ጉልላት ነው፤ መስኮቶቹ ወደ እኛ ስለሚከፈቱ ከሥር የሚዘመር ነገር ቢኖር እንደ ዕጣን ወደ ላይ ይወጣል። በጎልጎታ ሰሜንና ደቡብ ደግሞ ሁለት የመስጊድ ማማዎች ቆመዋል። ገና ሳይነጋ፥ ወንድሞች ለኪዳን ሲዘጋጁ፥ አዛኑ ከሁለቱም ይጀምራል፤ ከሩቅም ሌሎች ይከተላሉ። አንድ ላይ አይጀምሩም፤ በአንድ የድምፅ ከፍታም አይገናኙም። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ያነሣል፤ አንዳንድ ጊዜ ሦስት አራቱ ተደራርበው የከተማው ሸለቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዓረቦች መቃም የሚሉት የዜማ ቤት አላቸው፤ ከእነዚያ አንዱ፥ ሒጃዝ የሚባለው፥ በሁለት ጠባብ ደረጃዎች መካከል ሰፊ ዝላይ አለው፤ የእኛ ሰው ሲሰማው «ይህ አንቺሆዬ አይደለምን?» ብሎ ይገረማል። አይደለም፤ ነገር ግን ጆሮው ያለ ምክንያት አልተገረመም፤ ሁለቱም ከጠባቡ ወደ ሰፊው በድንገት ይዘላሉና። የቃላቸው ሃይማኖት የእኛ አይደለም። በአንድ ፊደል ላይ ትንፋሽን ሳያሳጥሩ የመቆየት ጥበባቸው ግን ለማንኛውም መሪጌታ ትምህርት ነው።

ወደ ታች ወርደን በትልቁ በር ስንገባ የመጀመሪያው የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የግሪኮች ዜማ ነው። የማያውቅ ሰው «እነዚህስ አንድ ሰው ይዘምራል፥ ሌሎቹ ያጉረመርማሉ» ይላል። የሚያጉረመርሙት ኢሶን የሚባለውን ይዘው ነው። ኢሶን ከሥር ሳይንቀሳቀስ የሚኖር አንድ ድምፅ ነው፤ ዋናው ዘማሪ በላዩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ፥ ከመሠረቱ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚታወቀው በእርሱ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እኛ ስንቆም ሁላችን ከዜማው ጋር እንንቀሳቀሳለን። የዜማ ቤታቸው ስምንት ነው። ሥርዓቱን ያደላደለው፥ በትውፊታቸው መሠረት፥ በስምንተኛው መቶ ዘመን ከዚህ ብዙ በማይርቀው በማር ሳባ ገዳም የኖረው ዮሐንስ ዘደማስቆ ነው፤ የስምንቱ አቆጣጠር ግን ከእርሱም በፊት በዚህ አገር የነበረ ነው። የጥንቱ የኢየሩሳሌም መዝሙር በግሪክኛ አብዛኛው ጠፍቶ ሳለ ኢያድጋሪ በሚባለው የጆርጂያውያን መጽሐፍ በትርጉም ተጠብቆ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው፤ እንግዳ የነበረ ሕዝብ የባለቤቱን ዕቃ አስቀምጦ ቆየ።

በዚህ ላይ አንዳንድ የእኛ ሊቃውንት «ያሬድ ሦስት አለው፥ እነርሱ ስምንት፤ የማን ይበልጣል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ፍሬ የለውም። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ እንደ ግሪኩ የድምፅ መሰላል ብቻ አይደሉም፤ የሚነገሩበት ጊዜ፥ የሚይዙት ጠባይ፥ የሚከተሉት አረማመድ አላቸው። በጾም የሚገባው በበዓል አይገባም። ሦስቱን ከስምንቱ ጋር መቊጠር በእህል መስፈሪያ ጨርቅን እንደ መለካት ነው።

ስለ ላቲኖቹ ብዙ አልናገርም። ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በየቀኑ ከቀትር በኋላ በጎልጎታ ውስጥ ከመካን ወደ መካን ሻማ ይዘው ይዞራሉ፤ ዜማቸው ረጋ ያለ፥ ጌጥ የማያበዛ፥ ለቃሉ የሚታዘዝ ነው። ግዕዝ ዜማን የሚወድ ሰው ይህን ይወዳል። ኦርጋናቸው ሲነሣ ግን ሌላ ነው። ትንፋሽ የማያልቅበት መሣሪያ ስለሆነ እኔን ያደክመኛል፤ ዘማሪ ሲተነፍስ ያለችው ያቺ ትንሽ ዕረፍት ለሰሚው ጸሎት ናት ብዬ አምናለሁና። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1906 በቤተ ልሔም ከመሬት ሥር ስለ ተገኙት የኦርጋን ቧንቧዎች በሰማሁ ጊዜ ልቤ ተነካ። መስቀላውያን በዘመናቸው ያመጡአቸው፥ በኋላም ተቀብረው የቀሩ፥ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የነሐስ ቧንቧዎች ናቸው። በቅርቡ ሊቃውንት ነፍስ ሲዘሩባቸው አንዳንዶቹ ዛሬም ድምፅ ሰጡ። ስምንት መቶ ዓመት ያህል በአፈር ውስጥ ዝም ብሎ ቆይቶ የሚናገር ብረት!

የግብጻውያን ዜማ ለእኛ ሰው ቅርብ መስሎ ሩቅ ነው። ቃጭልና ሦስት ማዕዘን ያለው የብረት መቺ ይዘው፥ ፈጠን ባለ ምት ይጀምሩና፥ ወደ ታላላቁ ዜማ ሲገቡ ግን ምቱ ሁሉ ይቀራል። አንዲቱን ፊደል ይዘው ደቂቃዎች ሲቈጠሩ ቃሉን አይጨርሱትም። ለቸኮለ ሰው ፈተና ነው፤ ለታገሠ ሰው ግን ቃሉ እንደ ሰም ቀልጦ ዜማው ብቻ ሲቀር ይሰማዋል። ይህን ሁሉ ያለ ጽሕፈት፥ በቃል ብቻ ነው ያቆዩት፤ ካቆዩትም መካከል ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን መምህራን ነበሩ። ባለፈው መቶ ዘመን ራጊብ ሙፍታሕ የተባለ ግብጻዊ ይህ ሀብት ይጠፋል ብሎ ሰግቶ፥ ኒውላንድስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ አስመጥቶ፥ ሚካኤል ጊርጊስ አል ባታኑኒ በተባለው ዓይነ ስውር መምህር ፊት አስቀመጠው። መምህሩ ይዘምራል፤ እንግሊዛዊው በኖታ ይጽፋል። ሥራው ዓመታት ፈጀ። እኛም ዓይናቸው ሳያይ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በልባቸው የያዙ መምህራንን እናውቃለንና ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንብንም። ጥያቄው ግን ይቀራል፤ በእኛ መምህራን ፊት ማን ተቀምጦ ጻፈ?

በአርመኖች ሰፈር አጠገብ ያለችው የሶርያውያን የቅዱስ ማርቆስ ገዳም ትንሽ ናት፤ ተሳላሚ ብዙ አይደርስባትም። ግዕዝ ያወቀ ሰው ግን እዚያ ቢቆም ቃላት አንድ በአንድ በሩን ያንኳኩበታል። እኛ ቅዱስ የምንለውን ቃዲሽ ይላሉ፤ ቃል የምንለው በእነርሱ ዘንድ ቃሎ ሆኖ ድምፅም ዜማም ማለት ነው። የዜማ መጽሐፋቸው ቤት ጋዞ ይባላል፤ ቤተ መዝገብ እንደ ማለት። ስሙ ይህን ያህል ከበረ እንጂ መጽሐፉ የያዘው ቃሉን ነው፤ ዜማው ያለው በካህኑ ጉሮሮ ነው። በእሑድ ጠዋት ካህኑና ሕፃናቱ እየተቀባበሉ ሲሉት አድምጬ፥ ልጆቹ ከመጽሐፉ ይልቅ የካህኑን አፍ ሲመለከቱ አየሁ። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር።

አሁን ወደ አርመኖች ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም በእነርሱ ዘንድ የተማርሁት ነገር ነው።

የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል በር ላይ ከእንጨትና ከብረት የተሠሩ ረጃጅም ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። በሙስሊም ነገሥታት ዘመን ደወል መደወል ተከልክሎ ሲኖር ሕዝቡን ለጸሎት የሚጠሩት እነዚህን በመምታት ነበር፤ ዛሬ ደወል ተፈቅዶ እያለ ሰሌዳዎቹን አልተዉአቸውም። ውስጡ በተንጠለጠሉ የዘይት መብራቶች የተሞላ ነው፤ የሴሚናሪው ተማሪዎች ጥቁር ለብሰው በሁለት ወገን ቆመው ሻራካን የሚሉትን መዝሙራቸውን ይቀባበላሉ። ድምፃቸው ወፍራም፥ ኀዘን ያለበት፥ ግን የማያለቅስ ነው። በዚህ ከተማ ከሰማሁት ከእኛ ቀጥሎ የምወደው ይህን ነው፤ አድልዎ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

እነዚህ አርመኖች ኻዝ የሚባል የዜማ ምልክት ነበራቸው። እንደ እኛው ከቃሉ በላይ ይጻፋል፤ በብራና ላይ በቀይና በጥቁር አምሮ ይታያል። በዚህም ገዳም መዛግብት ውስጥ ብዙ አለ። ዛሬ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያነበው ሰው በምድር ላይ የለም። ብራናው አልተቃጠለም፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ምልክቶቹ አንድም አልጎደሉም። የጠፋው ሌላ ነው፤ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ሰንሰለት በመከራው ብዛት ተበጠሰ። አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሲጀምር ሐምፓርትሱም ሊሞንጂያን የተባለ የቊስጥንጥንያ አርመናዊ በአፍ የተረፈውን ለማዳን አዲስ አጻጻፍ አበጀ፤ በኋላም ሊቁ ኮሚታስ የኻዙን ምሥጢር ለመፍታት ብዙ ደከመ። ዜማው በከፊል ዳነ። ምልክቱ ግን እንደ ተዘጋ በር ቀረ።

ይህን ከአንድ ሽማግሌ አርመናዊ መነኩሴ ስሰማ የራሳችንን ምልክት አሰብሁ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን፥ ሥርዓት አስይዘው አቆዩልን። ድፋቱ፥ ሂደቱ፥ ቅናቱ፥ ይዘቱ፥ ቊርጡ፥ ጭረቱ፥ ርክርኩ፥ ደረቱ አለ፤ በዚያም ላይ ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው አለ። የግሪኩ ምልክት «አንድ ደረጃ ውጣ፥ ሁለት ውረድ» ይላል፤ ትርጉሙን የያዘ ሰው ያልሰማውን ዜማ ሊያወጣ ይችላል። የእኛ ግን እንዲህ አይደለም። ከላይ ያለችው ፊደል የአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ ምሕጻር ናት፤ «ያንን እንደምትለው ይህንንም በል» ማለት ነው። «ያንን» ከመምህሩ አፍ ላልሰማ ሰው ፊደሏ ምንም አትናገርም። እንግዲህ የእኛ ምልክት ያለ መምህር የሚቆመው ከአርመኑ ኻዝ ይበልጥ አይደለም፤ ያነሰም ሊሆን ይችላል።

ወንድሞች ሆይ፥ ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ሰንሰለታችን ዛሬ አልተበጠሰም፤ ቤተልሔም አለች፥ ዙር አባ አለች፥ የአቋቋም ጉባኤያትም አሉ። ነገር ግን እዚህ ከውጭ አገር የሚመጡ ትጉህ ወጣቶች አያለሁ፤ ወረቡን ሁሉ በስልካቸው ይዘዋል፤ ጆሮአቸው ላይ ሰክተው እየሄዱ ያጠናሉ። ትጋታቸውን አመሰግናለሁ። ድምፁ የተቀረጸው ሰው ግን ተማሪው ሲስት «መልስ!» አይለውም። ስልኩ ስሕተቱን አብሮ ይሸኘዋል። አንድ ወጣት በዚህ መንገድ ያጠናውን ሲያሰማኝ፥ ከቃሉ መካከል የዘማሪውን ሳል ጭምር እንደ ርክርክ አድርጎ ይዞት አገኘሁ፤ ሳቅሁ፥ ቀጥሎም አዘንሁ። የተቀረጸ ድምፅ ምስክር ይሁነን፤ መምህር ግን አይሆነንም። በዚህ ገዳም ያለን ሽማግሎች በሕይወት ሳለን፥ የምትሻው ወጣት፥ የክረምቱን ወር እዚህ ተቀምጠህ አንድ ምዕራፍ እንኳ አፍ ለአፍ ብትማር በራችን ክፍት ነው።

ከዚያው ከቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የወጣ ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ደስ የሚል ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፥ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር። በኋላ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ከቅኔ ቤት የወጡት የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም ተከትሎ መጥቶ፥ የአገራችንን ቅኝቶች ለትልቅ የሙዚቃ ጓድ በማዘጋጀት በቴአትር ቤቶች ብዙ ሠራ። ዛሬ በሠርግና በአደባባይ የሚሰማው የነሐስ ጩኸት ሥሩን ቢመዙት አንዱ ጫፍ ከዚህ፥ እኛ በየቀኑ ከምናልፍበት ደጅ፥ ይገኛል። ለተሳላሚዎች ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም።

ከአሮጌው ከተማ ወጥተን ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ስንሄድ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይታሰቡናል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር አዚናራ በምትባለው ደሴት ታሰሩ፤ በኋላም በካይሮ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በሃያ አንድ ዓመታቸው ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በዚህችው በኢየሩሳሌም ኖረው፥ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፥ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዐረፉ።

በክፍላቸው ፒያኖ ነበረ። ከግቢው ያለፈ ሰው አንዳንዴ በመስኮት ይሰማው ነበር። ከአባቶች መካከል «መነኵሲት ከፒያኖ ጋር ምን አላት?» የሚሉ አልጠፉም፤ እኔም ክርክሩን አውቀዋለሁ። በቤተ መቅደሳችን ውስጥ ፒያኖ ቦታ የለውም፤ ይህ ግልጽ ነው፤ እርሳቸውም ወደ ቤተ መቅደስ አላገቡትም። በክፍላቸው ያደርጉት የነበረውን ግን ጆሮ ያለው ሰው ቢመረምር፥ ግራ እጃቸው እንደ አውሮጳ ሰው ሲረግጥ ቀኝ እጃቸው በትዝታና በባቲ ቅኝት፥ ምትን ሳይጠብቅ፥ ልክ እንደ ዜማችን ረዘም አጠር እያለ ይሄድ ነበር። ፒያኖ ቊልፎቹ የታሰሩ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ቊልፎች መካከል ያለውን ድምፅ አያወጣም። እርሳቸው ሁለቱን ፈጥነው እያነኩ፥ ጣታቸውን እያንሸራተቱ፥ ርክርክ የሚመስል ነገር ያወጡበታል። በጎንደር ሳሉ ደጃፍ ላይ የሚተኙትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ስላዘኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ካሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላ ጀምሮ ገቢውን ለድሆች ለማዋል ደከሙ። ሸክላ ሻጮች ሥራቸውን ጃዝ ከሚባለው አጠገብ እንደሚያስቀምጡት ሰምቻለሁ። የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ስለ ጠፋባቸው ይመስለኛል።

በአዲሱ ከተማም ለጆሮ የሚሆን ብዙ ነው። ከሐለብ የመጡ አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1901 በናሕላዖት ሰፈር የመሠረቱት አዴስ የሚባል ምኵራብ አለ። በክረምት፥ በሰንበት ሌሊት፥ ሊነጋ ሰዓታት ሲቀሩ ሽማግሎችና ሕፃናት ተነሥተው ባካሾት የተባለውን መዝሙር እስኪነጋ ይዘምራሉ። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፤ ዜማው የዓረቦች መቃም ነው። ያለ መሣሪያ፥ በድምፅ ብቻ፥ አንዱ ወገን ለሌላው እየሰጠ ሌሊቱን ይገፉታል። የእኛን ማሕሌት ያደረ ሰው ያንን ብርድ፥ ያንን እንቅልፍ መታገል፥ ሊነጋጋ ሲል ድምፅ በድንገት የሚበረታበትን ሰዓት ያውቀዋል።

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በስግድ በዓል ቀን፥ ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው ከፍታ ላይ፥ ቄሶቻቸው ጃንጥላ ተጠልለው ነጭ ለብሰው ሲጸልዩ፥ የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። በውጭ አገር፥ በባዕድ ሕዝብ መካከል፥ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ግዕዝ በአደባባይ ሲዜም መስማት ምን እንደሚመስል ለመናገር ይከብደኛል። ዜማው የያሬድ አይደለም፤ መሪው ያነሣል፥ ሌሎቹ ተከትለው፥ አንዳንዴም እየደረቡበት ይቀበላሉ፤ በአገራቸው ሳሉ ነጋሪትና ቃጭል ይመቱበት ነበር። ቃሉን እየሰማን ዜማውን አናውቀውም፤ እንደ ወንድም ቤት ነው፥ ዕቃው አንድ ሆኖ አቀማመጡ ሌላ። አሁን የቀሩት የአገር ቤት ቄሶች ሸምግለዋል። የልጅ ልጆቻቸው የሚናገሩት ዕብራይስጥ ነው፤ ግዕዙን ለመማር የሚቀመጡት ጥቂቶች ናቸው። በሰላሳዎቹ ዓመታት ከጀርመን ተሰዶ እዚህ የመጣው ሮበርት ላኽማን የሳምራውያንን፥ የየመን አይሁድን፥ የዓረብ ገበሬዎችን ዜማ በብረት ሸክላ ቀድቶ ነበር፤ ሸክላዎቹ ዛሬም በዚህች ከተማ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አሉ። ከቀዳቸው ዘማሪዎች የስንቶቹ ልጆች ዛሬ ያንኑ ዜማ እንደሚሉት ባሰብሁ ቊጥር የአርመኖቹ ብራና ይታወሰኛል።

ለመጪው የትንሣኤ ተሳላሚዎች ጥቂት ምክር ልስጥ። የቅዳሜውን ብርሃን ለማየት በጎልጎታ የሚቆም ሰው ዓረቦቹ ኦርቶዶክሳውያን ወጣቶች በትከሻ ተሸካክመው፥ ከበሮ እየመቱ ሲገቡ ጩኸት ነው ብሎ ጆሮውን አይድፈን፤ የእነርሱ ወረብ እርሱ ነው። በዚያው ሌሊት በዴር ሡልጣን ጣሪያ የእኛ ሥርዓት ሲጀመር ከድንኳኑ ትንሽ ራቅ ብላችሁ፥ ከጉልላቱ ጎን ቁሙ፤ ከበሮው ድንጋዩን መትቶ የሚመለሰው እዚያ ጋ ነው። ስልካችሁን ቢያንስ ለአንድ መረግድ ያህል ኪሳችሁ ውስጥ አስገቡት። በሥራ ቀን ጊዜ ያላችሁ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ሂዱ፤ ከኋላ ቆማችሁ፥ እግራችሁን ሳታጣምሩ አድምጡ፥ እነርሱ በዚህ ይቈጣሉና። ጸሎቱ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በሩም ወዲያው ይዘጋል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከመመታቱ በፊት ድረሱ።